ገበና በአማቲቱ ፊት

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሲገናኝ "እንዴት አደርሽ?" ማለት ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚጠየቀው "ቀለምሽ እንዴት አደረ?" ነው። አረንጓዴ ከሆነ "አልሐምዱሊላህ" ይባላል። ቢጫ ከሆነ ደግሞ "አላህ ይመልሰው" ይባልና ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ውሃ ፈረቃ ይዞራል። ውሃው አሁንም በፈረቃ ነው፤ እሱ አልተለወጠም።

ቀለሙን የምታወጣው በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው የጤና ታዛቢ ናት። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የግድ ይሰቅላታል። መጠኗ ከሻይ ሰሃን አይበልጥም። ሰፈርተኛው "አማቲቱ" ነው የሚላት፤ ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትሰማለች፣ ምንም አይጥማትም። ስለ ሰው የምታወራውንም ባለቤቱ የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ቢጫ ያለችው ሰው ያለ አጃቢ የአውቶቡስ በር አይከፈትለትም። ሁለት ቢጫ ደግሞ ብቻቸውን በአንድ ቤት አይኖሩም፤ ወደ ማዕከል ይወሰዳሉ፣ ወንዱ ወደ ወንዶች፣ ሴቷ ወደ ሴቶች። ለደህንነታቸው ነው ይባላል።

ሰሚራ እንድሪስ አረንጓዴ ናት። ባሏ ሙባረክ ቢጫ ነው። ጠዋት ጠዋት አማቲቱ ፊት ይቆማል፤ እጆቹን ይዘረጋል፣ ጣቶቹን ያነሳል ይጥላል፣ እስከ በሩ ሄዶ ይመለሳል። ከዚያ ይቺ አማት ጥያቄዋን ትጀምራለች፤ ትናንት ማን መጣ? ምሳ ምን ነበር? ወሬው ምን ነበር?

ሙባረክ ዕድሜውን ሙሉ በደረቅ ወደቡ ክሬን ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው ነው። ኮንቴይነር እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር ይሉታል። አሁን ግራ እጁ አልታዘዝም ብሎታል። ቀኙ የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ግራው ከኋላ እየተከተለ ይፈታል። የበር እጀታ ከያዘ አይለቅም፤ ሰሚራ መጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታላቅቃለች። ያ ወገኑም ከቀን ወደ ቀን እየደረቀ ነው። ሰውየው ግን ጨዋታውን አልተወም፤ እጁን "ተከራዩ" ብሎታል። "ዛሬ ተከራዩ በክፉ ነው የተነሳው" ይላል፣ "ላስወጣው ብል ሕጉ ከሱ ጋር ነው።"

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ሙባረክ ጋደም ባለበት፣ የሱ ሐኪም ዶክተር ኤልዳና በስክሪን ደወለች። ሰሚራ ማድ ቤት ገብታ አነሳችው።

"ወይዘሮ ሰሚራ፣ የምስራች! ምድባቸው ወጥቷል። የታው ምድብ ናቸው፤ መርፌውን የፊታችን ማክሰኞ ይወጋሉ።"

"ታው ምንድን ነው፣ ዶክተር? በኔ ቋንቋ ይንገሩኝ።"

"ይኸውልዎት። እጅ እንዲህ የሚያምፅበት፣ ጎን የሚደርቅበት ይህ ሕመም ከላይ ሲያዩት አንድ ነው፤ ሥሩ ግን አንድ አይደለም። ጭስ በሉት። ከሩቅ ጭሱ ያው ጭስ ነው፤ ከሥሩ የሚነደው ሣር ይሁን ጎማ ቀርበው ካላዩት አይታወቅም። አንጎላቸው ውስጥ የሚጠራቀም ፕሮቲን አለ፤ ወይ ታው የሚባለው ነው፣ ወይ አሚሎይድ የሚባለው። ለየራሳቸው መርፌ አላቸው።"

"ደሙ አይናገርም እንዴ? ስንቴ ቀዳችሁት!"

"ደማቸው ውስጥ ሁለቱም አሉ። በዚህ ዕድሜ ሁለቱም የሌሉበት ሰው ብርቅ ነው። ጥያቄው መሪው የቱ ነው ነው። ያንን የምትለየው ታዛቢዋ ናት፣ ከውሏቸው። አሚሎይድ ቢሆን ኖሮ መርሳቱ ይታይ ነበር፤ ስም ይጠፋባቸዋል፣ የጀመሩት ወሬ ይቆረጥባቸዋል። የእሳቸው ማስታወስ ግን ሙሉ ነው። እንዲያውም ከእኩዮቻቸው ይበልጣሉ።"

ሰሚራ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። "ሙሉ?"

"ሙሉ። ዓመት ሙሉ አይታቸዋለች እኮ።"

"እንዲያው ለነገሩ ዶክተር... ያልሆነው መርፌ ቢወጋስ?"

"መርፌው አንዴ ብቻ ነው የሚወጋው፣ እናቴ። ሰውነት አንዱን ካወቀ በኋላ ሌላውን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። ያልሆነውን የተወጋ ሰው ሕመሙ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ግን አይስጉ።"

ስክሪኑ ጠፋ። ሰሚራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙሉ! ባለፈው ሳምንት "ወንድሜ ምነው ሳይመጣ ቀረ?" ብሏታል። ወንድሙን የቀበሩት ዐምና ነው፤ አፈር ያለበሰው ራሱ ሙባረክ ነው። ታዲያ ይቺ አማት የማንን ጭንቅላት ነው ሙሉ የምትለው?

ገባት።

ሰሚራ ዋሽታ አታውቅም። ያደረገችው እናቷም አክስቷም ያደርጉት የነበረውን ነው፤ የባሏን ገበና ሸፈነች። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ "ውይ እትዬ ሀዋ! ይግቡ ይግቡ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን መጡልን!" እያለች ጮክ ብላ ትቀበላለች፤ ሙባረክ ስሙን ከአየር ላይ ይቀልባል። ወሬ ጀምሮ መሃል ላይ ሲጠፋበት የራሷ ወሬ አስመስላ ትቀጥለዋለች። አማቲቱ "ትናንት ማን መጣ?" ስትለው ማድ ቤት ሆና "የኢክራም ልጆች ያፈሰሱት ጭማቂ ዛሬም ይጣበቃል!" ትላለች፤ እሱም ኮራ ብሎ "የልጄ ልጆች ናቸው" ይላል። ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ አንዲት ሳል አለቻት። እህ ትላለች፤ ያኔ ዘወር ብሎ ያያታል፤ ቃሉን በከንፈሯ ታቀብለዋለች። ልጃቸው ኢክራምም እንደዚሁ ናት። ጎረቤቱም እንደዚሁ። ማንም ተማክሮ አልነበረም። አንድም ቀን "ሙባረክ ይረሳል" ያለ ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ቃል ያቀብለዋል። አማቲቱ የለካችው የሙባረክን ጭንቅላት ሳይሆን የሰፈሩን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጤና መድን ቢሮ ሄደች። መንገድ ላይ መድኃኒት ቤቱ ጋ ሰዎች ደረጃው ሥር ቆመው አካሄዳቸውን ሲለማመዱ አየች፤ በሩ እርምጃን ስለሚያነብ ማንም እያነከሰ አያልፍበትም። እሷም ወትሮ ቀና ትል ነበር። ዛሬ ቀና ማለቱ ትዝም አላላት።

መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ትሑት ነው። "የቤተሰብ ቃል አንቀበልም፣ እናቴ" አላት።

"ባሌ ይረሳል እኮ ነው የምልህ!"

"ሁሉም ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሚለው። ድጎማው እንዲጨመርለት ሕመሙን ያጋንናል። ታዛቢዋ የተሠራችውም ለዚህ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ የየት አገር ቤተሰብ ነው ባሌ ይረሳል እያለ አደባባይ የሚያወራው? ይህችን ቃል ከአፌ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት! እኛ ደብቀን ነው ያሳየናት። የሠሯት ሰዎች ማጋነንን ፈሩ እንጂ መደበቅን ማን አሰበላቸው?"

ወጣቱ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ መንገድ አለ። ድጋሚ ምልከታ ይባላል። ከነገ አርብ እስከ ሰኞ ጠዋት ታዛቢዋ እንደ አዲስ ታያቸዋለች። ግን ማንም ቃል አያቀብላቸውም፤ ለራሳቸውም አይነገራቸውም። ከተነገራቸው ይሰረዛል። ደግሞ..." አለና አመነታ፣ "እርስዎም አብረው ነው የሚታዩት። እሳቸው ሲጠፋባቸው እርስዎ ዝም ካሉ፣ እርስዎንም እንደ ረሱ ልትቆጥርዎት ትችላለች። ሁለት ቢጫ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። መዝግበኝ።"

ኢክራምን ሊፍት ውስጥ ነገረቻት፤ አማቲቱ እዚያ አትሰማም። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማ፣ አባን በሰው ፊት ልታዋርጂው ነው?"

"አዎ።"

"አዎ ትላለች እንዴ! ስም ሲጠፋው እኮ አንቺን ነው የሚያየው። ሲያይሽ ምን ልትሆኚ ነው?"

"ግድግዳ እሆናለሁ።"

"አትችይም።"

"እችላለሁ። ካልቻልኩ ማክሰኞ ያልሆነውን ይወጉታል። ከዚያ ወዲያ ያንቺን ስም ባቀብለውም የሚቀበለኝ አይኖርም፤ ገባሽ?"

ሊፍቱ ሲከፈት ኢክራም የእናቷን እጅ ይዛ ነበር።

ከዚያ የታችኛዋ እትዬ ሀዋ ቤት ወረደች። ይህ ከሁሉም ከበዳት። በዚህ አገር ሰው ጎረቤቱን "ሸፍኑልኝ" ብሎ ይለምናል እንጂ "ግለጡልኝ" ብሎ የለመነ ተሰምቶ አያውቅም። እትዬ ሀዋ ደጃፋቸው ድረስ ይዘዋት ወጡ፤ የእሳቸውም ሳሎን አማት አለችበት።

"ያ አላህ!" አሉ ሲሰሙ። "እኔ እኮ ልጄ፣ የምሸፍነው መስሎኝም አያውቅ! ስሜን ጠርቼ የምገባው እንዲሁ ነበር የሚመስለኝ።" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ የሰውን በሽታ ነው ደብቀን የቆየነው። ሂጂ፣ አፌን እይዛለሁ። ኧረ እንዲያውም አልመጣም፤ ከመጣሁ ያመልጠኛል!"

አርብ ተጀመረ። ሰሚራ ጥርሷን ነክሳ ዋለች። አማቲቱ "ትናንት ማን መጣ?" ስትለው ማድ ቤቱ ጭጭ አለ። ሙባረክ ጆሮውን ወደ ማድ ቤት አዘነበለ፤ ጠበቀ፤ ከዚያ ሳቅ አለ። "ትናንት? ትናንት የመጣው ደህና ሰው ነው። ክፉ ሰው እኛ ቤት ምን ያመጣዋል!"

ቅዳሜም ያው ነው። "ምሳ ምን ነበር?" ስትለው "እሷ የሠራችው ሁሉ ይጣፍጣል፤ ምኑን ከምኑ ለይቼ ላማ?" አላት። የልጅ ልጁ ስም ሲጠፋው "ነይማ የኔ ቆንጆ" አለ። የጎረቤቱ ሲጠፋው "ወንድምዬ" አለ። አማቲቱ መርሳት አንዴም አልያዘችበትም። ሰሚራ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ለካ ገበና መሸፈንን ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው ራሱ ባለገበናው ነው! ብቻውን ሆኖ አማቲቱን ያታልላት ጀመር። ሰኞ ሊመጣ ነው፤ በዚህ አያያዙ ምንም አይለወጥም።

ስለዚህ ተማምን ጠራችው። ተማም የሙባረክ የክሬን ባልደረባ ነው፤ ሃያ ዓመት አንድ ፈረቃ ሠርተዋል፤ የኢክራምን ሠርግ ድንኳን የተከለው እሱ ነው። አሁን የሚኖረው ሰመራ ነው። ሊፍት ውስጥ ሆና በስልክ ምን እንደምትፈልግ ስትነግረው "የሰው ጉድ ነው የምታሠሪኝ፣ ሰሚራ" አላት። መጣ ግን።

እሑድ ከሰዓት ገባ። ሰሚራ ስሙን ጠርታ አልተቀበለችውም። "ግባ" ብቻ አለችው። ሙባረክ ተነስቶ አቀፈው፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ተከራዩ የተማምን ኮት ጨምድዶ አልለቅ አለና ሁለቱም ሳቁ። ኢክራም ሻይና ዳቦ አቀረበች። ጥቂት ስለ ሰመራ ሙቀት ተጫወቱ። ከዚያ ተማም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ሙባረክ፣ አወቅከኝ ግን?"

"አንተን? አንተን ካላወቅሁ ማንን ላውቅ ነው!"

"እኮ። ማን ነኝ?"

እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ሙባረክ ፈገግታው ሳይጠፋ ዘወር ብሎ ሰሚራን አያት። ሳሏን ጠበቀ። ሰሚራ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ዐይኑን እያየች፣ ዝም አለች። ያቺ ሳል መጣችባት፤ ዋጠቻት። ኢክራም ሰሃን አንስታ ወጣች። ሰሃኑ ባዶ አልነበረም። ተማም መሬት መሬቱን ያያል።

"ሰሚ" አላት ሙባረክ ቀስ ብሎ።

ዝም።

ግራ እጁ የጠረጴዛውን ልብስ ይዞ ይስብ ጀመር፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀሳቀሱ። ፊቱ ላይ ፈገግታው ጠፋ። ሰሚራ አሁን ያፍራል፣ አሁን ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን አላፈረም፤ አልተቆጣምም። ፈራ። እሷን እያየ ነው የፈራው።

"ሰሚ... አንቺም?" አለ። "አንቺም ጠፋብሽ?"

እንባዋ ሲወርድ ታወቃት። መልስ ግን አልሰጠችም፤ እስከ ነገ ጠዋት መልስ የላትም። ሙባረክ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እሷን፤ ከዚያ እንደገና ግድግዳውን። ምን እንዳሰበ ሁሉም ገባቸው። ሁለት ቢጫ በአንድ ቤት አይኖሩም።

በቀኝ እጁ ተደግፎ ተነሳ። የጠረጴዛው ልብስ አብሮት ተነሳ፤ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ፤ ዞሮም አላየውም።

"ስሚ አንቺ አማት!" አለ። "ይህችን ሴት እንዳትነኪያት። እሷ ምንም አልሆነችም፤ ደክሟት ነው። ስትለፋልኝ ነው የምትውለው። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ብለሽ ያዢ። ይህን ሰውዬ አላወቅሁትም፤ ሲያቅፈኝ ሰው መሆኑን ነው ያወቅሁት። ትናንት ማን እንደመጣ አላውቅም። ምሳ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም፤ ስጠይቅ ሰዉ ሁሉ ፊቱን ያዞራል፤ ከፊታቸው ነው የሞተ መሆኑን የማውቀው። ስም የምታቀብለኝ እሷ ናት፤ ቀን በቀን፣ በከንፈሯ። የረሳ ሰው ካለ እዚህ ቤት እኔ ነኝ። በኔ ላይ ቁጠሪው፤ እሷን ተያት!"

አማቲቱ እንደ ልማዷ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ "ተመዝግቧል፤ አመሰግናለሁ" አለች።

ሙባረክ ሰሚራ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። "አይዞሽ፣ አብሽሪ" አላት በጆሮዋ። "አንቺን አላየችሽም።" ተማም ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሰሚራ የባሏን እጅ ያዘች፤ ግራውን ነው የያዘችው፤ ያም እጅ እንደ ልማዱ አልለቅ አላት። እስኪመሽ እንደዚያው ተቀመጡ።

ለእሷ ብሎ የዋሸ መስሎት ይሆን ያን ሁሉ ያወጣው፣ ወይስ እውነቱን አውጥቶ መገላገሉ ነበር? ሰሚራ እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ኤልዳና ደወለች። ድምፅዋ የረቡዕ ዕለቱ አልነበረም። "ወይዘሮ ሰሚራ፣ ምድባቸው ተቀይሯል። መሪው አሚሎይድ ነው። የታውን መርፌ ሰርዘናል፤ ነገ ትክክለኛው ይመጣላቸዋል።" ትንፋሽ ወሰደች። "የጠፋውን አይመልስም። እጃቸውንም እንደ ድሮው አያደርገው። ግን ያለው ባለበት ይቆማል። የእርስዎም ቀለም አረንጓዴ እንደሆነ ነው።"

"ይበቃኛል" አለች ሰሚራ። "ያለው ይበቃኛል።"

ሮጣ ሳሎን ገባች። "ሙባረክ፣ እኔ ደህና ነኝ! አንድም የረሳሁት ነገር የለም። ተማም ነው የመጣው፤ ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ ላንተው ብዬ!"

ሙባረክ በርኅራኄ አያት። "አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት" አላት፣ "አውቃለሁ።" እሷ ለእሱ ዓመት ሙሉ "አውቃለሁ" ስትለው በነበረው ድምፅ ነው ያለው። ቃል በቃል ያው ነው። አንዲቷንም አላመናትም።

ማክሰኞ አውቶቡሱ በሩን ከፈተላቸው፤ አጃቢው እሷ ናት። ጤና ጣቢያው መግቢያ ላይ ነርሷ የሙባረክን ስም ከስክሪኗ አነበበችና ወደ ሰሚራ ቀና አለች።

"የአስታማሚ ስም?"

ሰሚራ አፏን ልትከፍት ስትል ከጎኗ ሳል ተሰማ። እህ። ዘወር አለች። ሙባረክ ዐይኑን ዐይኗ ላይ ተክሎ፣ ነርሷ እንዳታይበት ፊቱን በቀኝ እጁ ከልሎ፣ በከንፈሩ ያቀብላታል። ሰሚራ፣ ሰሚራ ይላል።

ቃሉን ተቀበለችው።

"ሰሚራ" አለች፣ "ሰሚራ እንድሪስ።"

ሙባረክ እፎይ ብሎ ተነፈሰና ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባት።